የገለባ ጥጃ

እልኸኛ ናት ይሉኛል፤ አልክድም። እልኸኛ ባልሆን ኖሮ ይህን የምትጽፍ ሴት ዛሬ አትኖርም ነበር። ነገሩ የሆነው በሃምሳዎቹ ማብቂያ ላይ፣ ገና አዲስ ሙሽራ ሳለሁ ነው። ወረታ ያኔ በጎንደርና በባሕር ዳር መንገድ ግራና ቀኝ የተደረደሩ ጥቂት የቆርቆሮና ብዙ የሣር ቤቶች ነበሩ፤ ከተማ የምትመስለው በገበያ ቀን ብቻ ነበር። እኔ ጥቂት ክፍል ተምሬ ነው የተዳርኩት። ባሌ ከብት አርቢ ነበር። ወረታ ባለችበት በፎገራ ሜዳ ከብት አርቢ ማለት ክረምት የርብ ወንዝ ሲሞላ ከብቱን ወደ ደረቁ የሚያሸሽ፣ ውሃው ሲጎድል ሣሩን ተከትሎ ወደ ሜዳው የሚወርድ፣ ስለ ሚስቱ ሁለት ቃል ተናግሮ ስለ ላሙ ከጀመረ የማያቆም ሰው ማለት ነው።

የመጀመሪያ እርግዝናዬ ከጅምሩ ችኩል ነበር። ሆዴ ከወሩ በፊት ገፋ፤ ማቅለሽለሹም ከአልጋ አላስነሳ አለኝ። አማቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ «መንታ ነው» ብለው ለሰፈሩ ሁሉ አወሩ። መንታም አልነበረም፣ ነጠላም አልነበረም። አንድ ቀን ደም ሲፈሰኝ የወጣው ነገር የልጅ መልክ አልነበረውም፤ እንደ ወይን ዘለላ የተያያዘ፣ ውሃ የቋጠረ ፍሬ ነበር። ሊረዱኝ የመጡት ሴቶች እርስ በርስ ተያዩ። አማቴ በነጠላቸው ጠቅልለው ወስደው ቀበሩት። እኔ አላለቀስኩም። ልጄ ሞተብኝ እንዳልል ልጅ አልነበረም፤ ምን ብዬ እንደማለቅስ ጠፋኝ።

ደሙ ግን በዚያ አልቆመም። ወንዛዬ ወርደን በፍል ውሃው ተነከርኩ፤ ገላዬ ቀለል አለኝ እንጂ ደሙ ይሄድና ይመለሳል። በጋው ሲገባ ደግሞ ማሳል ጀመርኩ፤ አፌን የጠረግሁበት ጨርቅ ላይ ደም አየሁ። ባሌም አየ። በማግስቱ ላሞቹን ለወንድሙ ትቶ፣ እኔን በጭነት መኪና ጋቢና አሳፍሮ ወደ ጎንደር ይዞኝ ወጣ። ምን ያህል እንደታመምኩ የገባኝ ላሞቹን ትቶ መሄዱን ሳይ ነው።

የሆስፒታሉ ሐኪም የባሕር ማዶ ሰው ነበር። አማርኛው ከ«እንደምን አደርሽ» እና ከ«አይዞሽ» አያልፍም፤ የቀረውን የምትተረጉምለት የጎንደር ልጅ የሆነች ነርስ ነበረች፤ ሁላችንም ሲስተር ነበር የምንላት። ደረቴን አዳመጠ፣ ራጅ አስነሳኝ፣ ከዚያ ሽንት ስጪ ተባልኩ። ሲስተር ሽንቴን እንቁራሪት እንደሚወጉት ስትነግረኝ የምትቀልድ መስሎኝ ነበር። ቀልድ አልነበረም። በነፍሰ ጡር ሽንት ውስጥ የሚወርድ አንድ ነገር አለ፤ ወንድ እንቁራሪት እሱን ሲወጋ ዘሩን ይለቃል፣ ያንንም በማይክሮስኮፕ ያዩታል። በዚያ ዘመን እርግዝና እንዲያ ይመረመር ነበር። የኔው እንቁራሪት «አዎ» አለ።

«አርግዣለሁ ማለት ነው?» አልኳት።

«አላረገዝሽም» አለችኝና አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ያ ዘለላ ልጅ ሳይኖር ብቻውን ያደገ የእንግዴ ልጅ ነበር። ቅሪቱ ማኅፀኔ ውስጥ ተደብቆ ነቀርሳ ሆኗል፤ በደም ተጉዞም ሳንባዬ ላይ ተቀምጧል። ሰው «የሳንባ ነቀርሳ» የሚለው የሳል በሽታ አይደለም፣ ይኸኛው ሌላ ነው። ነፍሰ ጡር ሰውነት የሚያወጣውን ነገር ያወጣል፤ እንቁራሪቱን ያታለለውም እሱ ነው። «እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ መድኃኒት አልነበረውም፤ አሁን ግን አለ» አለችኝ። ከተናገረችው ሁሉ ጆሮዬ ውስጥ የቀረው ይህ የመጨረሻው ነው።

መድኃኒቱ ትንንሽ ቢጫ ክኒን ነበር። ሐኪሙ ወረቀት ላይ ክብ ክብ እየሳለ ለእኔና ለባሌ አስረዳን። የሰውነት ሕዋስ ተከፍሎ ሁለት ለመሆን አንድ ቫይታሚን ይፈልጋል። ክኒኑ ያንን ቫይታሚን ይመስላል፤ ግን አይደለም። ቫይታሚኑን ለሥራ የሚያሰናዳው የሕዋሱ መሣሪያ ሐሰተኛውን ጨብጦ ይቀራል፤ ሕዋሱም መከፈል አቅቶት ይሞታል። እኔ ክቦቹን እያየሁ ራሴን ነቀነቅሁ እንጂ ምንም አልገባኝም። ባሌ ግን ከወንበሩ ብድግ አለ።

«እንዴ! የገለባ ጥጃ ነዋ!»

እኛ አገር ጥጃዋ የሞተችባት ላም ወተቷን ትይዛለች። ያኔ የሞተችውን ጥጃ ቆዳ ገፈው፣ ገለባ ሞልተው፣ ከላሟ ፊት ያቆሙላታል። ላሟ ታሸታታለች፣ ትልሳታለች፤ ጥጃዋ መስላት ወተቷን ትለቃለች። ባሌ ይህን በእጁ እያለበ፣ በምላሱ እየላሰ ሲያሳይ ሲስተር እየሳቀች ተረጎመች። ሐኪሙ እርሳሱን አስቀምጦ አንድ ጊዜ አስደገማት። «እንዲያ ነው፤ ግን አንድ ነገር ጨምሪላቸው» አለ። «ክኒኑ የትኛዋን ላም እንደሚያታልል አይመርጥም።»

ነቀርሳው የሚታለለው በፍጥነት ስለሚያድግ ነው። የአፍ ቆዳም፣ የአንጀት ሽፋንም፣ ደም የሚሠራው የአጥንት መቅኔም ቶሎ ቶሎ ያድጋል፤ እነሱም አብረው ይታለላሉ። ስለዚህ አምስት ቀን እወስድና አርፋለሁ። በዕረፍቱ ጤነኛው ያገግማል፣ ነቀርሳው ግን እንደ ጤነኛው ቶሎ አያንሰራራም፤ ሐኪሙ የሚጠቀመው በዚያች ልዩነት ነው። ከዚያ ሕጉ መጣ። ክኒኑን የምውጠው ሲስተር እያየችኝ ነው፤ አንድም ፍሬ ወደ ቤት አይሄድም። ደሜ ይቆጠራል፣ አፌ ይታያል፤ ነጩ የደም ሕዋስ ካነሰ ወይም አፌ ከቆሰለ መድኃኒቱ ይቆያል። ጠላና አረቄ ክልክል ነው፤ ጉበት ይነካል። የራስ ምታት ክኒን እንኳ ሳልጠይቅ አልውጥም። ደም ይሞላል እየተባለ የሚሸጠው ቫይታሚንም እንዲሁ፤ እውነተኛዋን ጥጃ አምጥቶ ከገለባዋ አጠገብ ማቆም ይሆናል። እስኪፈቀድልኝ ድረስ ማርገዝ የለም። ከሁሉ በላይ ግን ውሃ መጠጣት አለብኝ። መድኃኒቱ የሚወጣው በሽንት ነውና ሥራውን ሠርቶ ካልወጣ እኔኑ ይበላኛል።

ባሌ ወደ ከብቶቹ ሲመለስ አማቴ ሊያስታምሙኝ መጡ። ሆስፒታሉ አጠገብ አንድ ክፍል ተከራየን። አማቴ ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ቤቱን ሁሉ በዓይናቸው የሚያዙ ሴት ነበሩ፤ እሳቸውና እኔ ከሠርጌ ማግስት ጀምሮ በእልህ ስንፋጠጥ የኖርን ነን። ሲስተር ሕጉን ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረቻቸው። እሳቸውም በትዕግሥት አዳመጡ። ኋላ እንዳየሁት ከሰሙት ሁሉ ልባቸው ውስጥ የቀረው አንድ ነገር ነው፦ መድኃኒቱ ሠርቶ ካልወጣ ይበላታል።

የመጀመሪያው ዙር አለፈ፣ ሁለተኛውም አለፈ። ያቅለሸልሸኛል፣ ፀጉሬ ማበጠሪያው ላይ ይቀራል፤ ግን ጥርሴን ነክሼ እውጣለሁ። ሳሉ ቀነሰ፣ ደሙም ቀነሰ። ከዙሩ በኋላ የእንቁራሪት ምርመራ መኖር ነበረበት፤ በጋ ስለሆነ ግን ጎንደር ላይ እንቁራሪት ጠፋ። ባሌ ይህን ሲሰማ ተናደደ። «የፎገራ ሰው በእንቁራሪት እጦት ሊሞት ነው?» ብሎ ወረደና ከርብ ዳር ረግረግ ለቅሞ፣ በእንስራ አድርጎ፣ አፉን በእርጥብ ጨርቅ አስሮ በአውቶብስ ይዞ መጣ። መንገድ ላይ እንስራው መጮህ ሲጀምር አጠገቡ የተቀመጠው ሰው «ምንድን ነው የያዝኸው?» ብሎ ጠየቀው አሉ። «የሚስቴ ሐኪሞች ናቸው» ብሎት አረፈ። ሐኪሞቹ አሁንም «አዎ» አሉ፤ ግን ሽንቱን በውሃ ሲያቀጥኑት ዝም አሉ። እየቀነሰ ነው ማለት ነው ብላ ሲስተር ጀርባዬን መታ መታ አደረገችኝ።

ጉዱ የፈላው በሦስተኛው ዙር ማብቂያ ላይ ነው። የመጨረሻዎቹን ክኒኖች ውጬ ወደ ክፍላችን ተመለስኩ። አማቴ ከእግር እስከ ራሴ አዩኝና፦

«ወጥቷል?» አሉኝ።

«ምኑ?»

«መድኃኒቱ ነዋ! ሠርቶ ካልወጣ ይበላሻል ብላ የለም ያች ልጅ?»

«በውሃ ይወጣል አሉ እኮ፣ እማማ።»

«ውሃ!» አሉ፣ ውሃ የሚባል ነገር የናቃቸው ይመስል። «ውሃ ምን ጉልበት አለው? ከሰው ሆድ የሚያስወጣ ነገር እኔን ይጠይቁኝ እንጂ።»

እኛ ከብት ያለበት አገር ሰዎች ጥሬ ሥጋ እንወዳለን፣ ጥሬ ሥጋ ከወደድን ደግሞ ኮሶ አይቀርልንም። በየሁለት ወሩ ጠዋት በባዶ ሆድ የተወቀጠውን የኮሶ አበባ በጥብጠን በአንድ ትንፋሽ እንጨልጣለን፤ እስኪያሽረን ድረስ እህልም ውሃም አንቀምስም። አማቴ በማግስቱ ጠዋት ከወረታ ባመጧት የኮሶ ቅል በጥብጠው አቀረቡልኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ የጠጣሁት ነገር ነው። ከተከለከልኩት ሁሉ ውስጥ ኮሶ አልተጠራም፤ እኛም መድኃኒት ነው ብለን አልጠራነውም፤ ኮሶ እንደ ፊት መታጠብ ነው። እሳቸው የሐኪሙን ቃል አክብረው ነው የበጠበጡት፣ እኔም አክብሬ ነው የጠጣሁት።

ኮሶው አሻረኝ፤ ከዚያም አልፎ አጠበኝ። ከላይም ከታችም ሲያጣድፈኝ ዋለ። ውሃ ለመንኩ፤ «ትንሽ ታገሽ፣ ይጨርስ» አሉኝ፣ ደንቡ እንዲያ ነውና። ሲመሽ ሽንቴ ጠፋ። ጠዋት ሲስተር አፌን ልታይ ክፍላችን ድረስ ስትመጣ ከበሩ ላይ ሽታው ነገራት።

«ምን ጠጣሽ?»

አማቴ ስለ እኔ መለሱላት፣ እንዲያውም ኮራ ብለው። «አስወጣሁላት» አሏት። ሲስተር ነጠላዋ ሲወድቅ እንኳ ዘወር ሳትል ሮጠች።

ሐኪሙ ሲቆጣ በራሱ ቋንቋ ነበር የሚቆጣው፤ ትርጉም አላስፈለገንም። ሲበርድለት ነው ሲስተር የተረጎመችልን። መድኃኒቱ የሚወጣው በኩላሊት ነው፤ ኮሶው ውሃዬን ጨርሶት ኩላሊቴ ሥራ ሲያቆም መድኃኒቱ ሰውነቴ ውስጥ ታስሮ ቀረ። እናወጣለን ስንል በሩን ዘጋንበት። ሆስፒታል አስተኝተው ክንዴ ላይ በላስቲክ ውሃ ተከሉልኝ፤ በመርፌ ደግሞ ያንን ሐሰተኛው የሚመስለውን ቫይታሚን ራሱን፣ ተሰናድቶ ያለቀውን ወጉኝ። በጊዜ ከደረሰ ጤነኛውን ሕዋስ ያድናል፤ ከዘገየ ግን ዋጋ የለውም። እውነተኛዋን ጥጃ አመጡልኝ ማለት ነው። ደርሳ እንደሆነ ግን ማንም አያውቅም ነበር።

አፌ ውስጥ ቁስል ያልነበረበት ቦታ አልቀረም። ምራቄን መዋጥ እሳት መዋጥ ሆነብኝ። ነጩ የደም ሕዋስ ስላለቀ ትኩሳት ያዘኝ፤ ጉንፋን ያለበት ሰው ወደ ክፍሌ እንዳይገባ ተከለከለ። አማቴ ከውጭ ግድግዳውን ተደግፈው መሬት ላይ ተቀምጠው ይውላሉ። «እኔ ነኝ የገደልኋት፣ እኔ ነኝ» ሲሉ በመስኮቱ ይሰማኛል። ፈርቼ ነበር፤ በሕይወቴ እንዲያ ፈርቼ አላውቅም። ከፍርሃቱ በላይ ግን ተናድጄ ነበር። ነቀርሳው ሊለቀኝ ሲል በኮሶ ልሙት?

አልሞትኩም። ትኩሳቱ በረደ፣ ደሜ ቀስ በቀስ ተመለሰ። ቁስሉ ገና ሳይድን ባሌ ከወረታ ደረሰ። ፊቴን አይቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ከዚያ እናቱን አስገብቶ፣ እየቆመ እየተቀመጠ፦

«በቃ፣ እንሂድ» አለኝ። «ጣራ ገዳም ጠበል አስጠምቅሻለሁ። ይኸ መድኃኒት ሰው ይገድላል።»

ሐኪሙ አስገድዶ ሊያስቀምጠኝ አይችልም ነበር። ሲስተርም እጇን አጣምራ ቆመች። የሳንባዬን ራጅ አሳይተውኛል፤ ጥላው አንሷል እንጂ አልጠፋም። አሁን ብሄድ ተመልሶ ይሞላል፤ በዓመቱ የሚቀብሩት ነጠላ ውስጥ ያለ ዘለላ ሳይሆን እኔን ነው። መናገር ያመኝ ነበር፤ ቃሉ ከቁስል ጋር ነው የሚወጣው።

«የጣለኝ መድኃኒቱ አይደለም። ኮሶው ነው» አልኩ። «ኮሶውን የጠጣሁትም እኔ ነኝ፣ ማንም በግድ አልጋተኝም። ጠበሉ ስድን ይደርሳል። አልሄድም።»

«ሞተሽ ብትቀሪስ?» አለኝ።

«ከሞትኩ ላሞችህ አሉልህ» አልኩት። ክፉ ቃል ነበር፤ ግን አሳቀው፣ ሲስቅም እንባው ወረደ። አማቴ አልሳቁም። ተነሡና ወደ ሲስተር ሄደው፣ እኔን ሰባት ዓመት ባገለግላቸው እንኳ በማያናግሩኝ የለሰለሰ ድምፅ፦

«ልጄ፣ ያንን ሁሉ ሕግ እንደገና ንገሪኝ። አሁን እሰማለሁ» አሏት።

ከሰሙ በኋላ ደግሞ ለእኔ መከራ ሆነ። ቁስሌ ድኖ፣ ደሜ ተቆጥሮ፣ መጠኑ ተቀንሶልኝ አራተኛው ዙር ሲጀመር አማቴ የኮሶ ቅላቸውን በአመድ ፈትገው አጥበው የውሃ መለኪያ አደረጉት። «ጠጭ!» ይሉኛል። ጠጣሁ እላለሁ። «ጎኑን አየሁት፣ አልጎደለም፣ ጠጭ!» ልተኛ ስል ይቀሰቅሱኛል። ጎረቤት ጠላ ይዛ ስትመጣ በር ላይ ቆመው ይመልሷታል። አንድ ነጋዴ የደም ክኒን ሊሸጥልን ገብቶ የወጣው በሩጫ ነው። ይህን ሁሉ ሳይ ልቤ ይሞቅ ነበር፤ ለእሳቸው ግን አልነገርኳቸውም።

የዙሩ ምርመራ ሲደርስ ባሌ ታሞ እንቁራሪት የሚያመጣ ጠፋ። አማቴ እንቁራሪት ሲያዩ ነጠላቸውን ሰብስበው የሚሸሹ ሴት ናቸው። «ወረታ ደርሼ ልምጣ» ብለው ሄዱ፤ በሦስተኛው ቀን ተመለሱ። ከአውቶብሱ ሲወርዱ የያዙትን ከሰውነታቸው አርቀው፣ ፊታቸውን ወደ ጎን መልሰው ነው የመጡት። የኮሶዋ ቅል ነበረች፣ አፏ በእርጥብ ሣር ተወትፎ። «ሦስት ናቸው። አንዱ በመንገድ ጭኔ ላይ ዘለለብኝ» አሉና ቅሏን ለሲስተር ሰጥተው እጃቸውን እስኪቀላ ድረስ ታጠቡ።

ሦስቱም ዝም አሉ። ሽንቱን ሳያቀጥኑት ዝም አሉ። ሐኪሙ ግን የተደበቀ እንዳይኖር ብሎ ተጨማሪ ዙር ሰጠኝ፤ አልተከራከርኩም። ከዚያ ወረታ ገባሁ። በየጊዜው ለምርመራ እመላለሳለሁ፣ እንዳላረግዝም እጠነቀቃለሁ፤ ሴቱ ሁሉ ሲወልድ በሩቅ እያየሁ፣ «መካን ናት» ሲሉኝ ሰምቼ እንዳልሰማሁ እያለፍኩ ሐኪሙ የሰጠኝን ጊዜ ጨረስኩ። «አሁን ትችያለሽ» አለኝ።

ክረምቱ ገብቶ ርብ ሜዳውን ሲሸፍን የወር አበባዬ ቀረ። ጎንደር ወጣን። እንቁራሪቱ «አዎ» አለ።

ስንት ዓመት «አይ» እንዲል የጸለይኩበት እንቁራሪት ነው። አሁን «አዎ» ሲል ልጅ ይሁን ነቀርሳው ተመልሶ ይሁን ሊነግረኝ አልቻለም፤ ለእሱ ሁለቱም አንድ ናቸው። ሲስተር እንኳ እልል ማለት ፈርታ አፏን በእጇ ያዘች። ሐኪሙ የደረቴን ራጅ አይቶ «ጥላ የለም፤ ግን የልብ ምት እስኪሰማ እንጠብቅ» አለ። ሆዴ ቶሎ እንዳይገፋ ፈርቼ በየማለዳው በመቀነቴ እለካው ነበር። ማቅለሽለሽ ሲመጣ እፈራለሁ፣ ሲቀር ደግሞ እፈራለሁ። ባሌ ስለ ላሞቹ ማውራት አቆመ። አማቴ ምንም አልበጠበጡም፤ ውሃ ብቻ እየቀዱ አጠገቤ ያስቀምጡ ነበር።

ምቱ የሚሰማበት ጊዜ ደርሶ አልጋው ላይ ተጋደምኩ። ሐኪሙ ከእንጨት የተሠራችውን መስሚያ ሆዴ ላይ ደግኖ ጆሮውን ጣለ። ቦታ ቀየረ። እንደገና ቀየረ። ከዚያ ቀና ብሎ መስሚያዋን ለሲስተር ሰጣት፤ እሷም ሰማችና ዓይኗ እንባ ሞላ።

አማቴ ከእግሬ በኩል ተነሥተው መጡ። «እኔም ልስማ» አሉ። መስሚያዋን ተቀብለው ጎንበስ አሉ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ይኸስ» አሉ፣ ጆሯቸውን ሳያነሡ፣ «የገለባ አይደለም።»

ሲስተር መስሚያዋን ልትቀበላቸው እጇን ዘረጋች፤ አማቴ ግን አልሰጧትም።